ልጄን ከነጽንሷ ለመዘኑት ኃላፊ

ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ ከተማ፣ ጎጃም በረንዳ

ለተከበሩ አቶ ሀብተ ወልድ
በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የነፍሰ ጡሮች የምግብ ምክር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ልጄ እንድትበላ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ከወንበርዎ ጀርባ የተሰቀለው የምስጋና ምስክር ወረቀትም ሁሉም ደህና ናቸው ብዬ አምናለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ረቡዕ ላነጋግርዎ መጥቼ ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ተኩል ምሳ ላይ መሆንዎን ሲነግሩኝ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነው የጠበቅኩዎት፤ በዚያ ክፍል ቢያንስ አንድ ሰው ጠግቦ እንደሚበላ አረጋግጫለሁና።

ስሜ ኪዳነወልድ ይባላል። ጎጃም በረንዳ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጆንያ ስመዝን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ኑጉም፣ ሽምብራውም፣ ጤፉም ባስኩላ በምንለው ትልቁ ሚዛኔ ላይ ሳይወጣ መጋዘን አይገባም። እርስዎ የተማሩ ሰው ስለሆኑ የኛን የመሃይሞቹን የሥራ ሕግ ላያውቁት ይችላሉ፤ እኛ ጆንያ ስንመዝን የጆንያውን፣ የገመዱን፣ ዝናብ ያገኘው ከሆነም የውሃውን ክብደት እንቀንሳለን፤ ሻጭና ገዢ የሚጨባበጡት በሚተርፈው ነው። ይህን ያልቀነሰ መዛኝ ጎጃም በረንዳ ውስጥ ሁለተኛ ቀን አያድርም። ጤና ጣቢያ ውስጥ ግን ኃላፊ ሊሆን እንደሚችል ዘንድሮ አየሁ።

ልጄን ኤልሳቤትን ያስታውሷታል ብዬ አልጠብቅም፤ በቀን ስንት ሰው የሚገስጹ ሰው ነዎት። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ስኳር ያለባት፣ በየቀኑ ኢንሱሊን በገዛ እጇ የምትወጋ፣ ባሏ ፈለቀ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ስለሚነዳ ከፀነሰች ወዲህ ራጉኤል አጠገብ ካለው ቤታችን የገባች፣ ሸማ ተራ ፋኢዛ የምትባል ባለሱቅ ዘንድ የሐበሻ ልብስ የምትሰፋ፣ የመጀመሪያ ልጇን የያዘች ሴት ናት። ቢያስታውሷትም በስሟ ሳይሆን በኪሎዋ ይሆናል፤ ስድሳ አራት።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ፤ እርስዎ ቁጥር እንደሚወዱ አይቻለሁ።

1ኛ/ በመጀመሪያ የማመሰግንዎ ስለ ሚዛንዎ ነው። ሚያዝያ 21 ቀን ልጄ በስድስተኛ ወሯ እርስዎ ዘንድ ስትቀርብ ጫማዋን እንኳ ሳያስወልቁ አቁመው ስድሳ አራት ኪሎ ጻፉ፤ ቁመቷን ለክተው አንድ ሜትር ከሃምሳ አምስት አሉ፤ ሁለቱን ቁጥሮች በስልክዎ አካፍለው «ከልክ በላይ ወፍራም» የሚል ፍርድ ሰጡ። ይህ ስሌት ያረገዘች ሴት ላይ የሚሠራው ከመፀነሷ በፊት በነበራት ኪሎ እንደሆነ በኋላ ከሌላ ሐኪም ሰማሁ። ከመፀነሷ በፊት ሃምሳ አምስት ነበረች፤ ይኸው ቁጥር እርስዎ በያዙት ካርድ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፏል፤ አንድ ገጽ መግለጥ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ግን ገጽ መግለጥም ጉልበት ይጠይቃል፣ አልፈርድብዎትም። በመካከል የተጨመረው ዘጠኝ ኪሎ ልጁ ነው፣ የእንግዴ ልጁ ነው፣ የሽርት ውሃው ነው፣ የጨመረው ደሟ ነው፣ የሰፋው ማህፀኗ ነው፣ ጥቂቱም እግዚአብሔር ለጡት ማጥባት ብሎ ያስቀመጠላት ስንቅ ነው። እርስዎ ሁሉንም ጠቅልለው ስብ አሉት። የልጅ ልጄን ገና ሳይወለድ ስብ ብለው የሰየሙልኝ እርስዎ ነዎት፤ የክርስትና አባት ለመሆን አስበው ከሆነ ስም ማውጣቱን ግን ለቄሱ ቢተዉት መልካም ነበር።

2ኛ/ ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ሥራዋ ነው። ሥራዋን ጠየቋት፤ ልብስ ሰፊ ነኝ አለች፤ እርስዎም «ቁጭ ብላ የምትሠራ» ብለው መዘገቡ፤ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው ብዙ ምግብ አያስፈልገውም ብለውም በቀን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ካሎሪ ወሰኑላት። ክቡር ሆይ፣ ቁጭ ብሎ መሥራትን ከራስዎ ልምድ አንጻር እንደተረዱት ይገባኛል። የኤልሳቤት የስፌት መኪና ግን በእግር የሚረገጥ ነው፤ ከጠዋት ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እግሯ አያርፍም፤ መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ያላቸው ሰፊዎች ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ እሷ የእነሱንም ሥራ ትቀበላለች፤ ሱቁ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱም ከተመረቀበት ቀን ወዲህ አልሠራም። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ አንድ ይመስልዎታል እንጂ ከወንበር ወንበር ይለያያል።

3ኛ/ ሦስተኛው ስለሰጧት ወረቀት ነው፤ ይህን ወረቀት መርካቶ መቼም አይረሳውም። ለቁርስ ኪኑዋ፣ ለምሳ ሳልመን የሚባል ዓሣ ከብሮኮሊ ጋር፣ ለመክሰስ የግሪክ እርጎ ይላል። እኔ ደግሞ ታዛዥ ሰው ስለሆንኩ፣ መርካቶም የሌለ ነገር የለም ስለሚባል፣ ወረቀቱን ይዤ ሦስት ቀን ዞርኩ። እህል ተራ ኪኑዋ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። አንዱ ምናልባት ምን አለሽ ተራ አይጠፋም ብሎ ላከኝ፤ እዚያ ያሉት ደግሞ የየትኛው መኪና ዕቃ እንደሆነ፣ አዲስ ወይስ አሮጌ እንደምፈልግ በትህትና ጠየቁኝ። በወረቀቱ ላይ ከእኛ ማዕድ የተጠቀሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም «እንጀራ በመዳፍ ልክ» ይላል። በማን መዳፍ እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ሸማ ተራ ውስጥ በማን ክንድ እንደሚለካ ሳይስማሙ ነጠላ እንኳ አይሸጥም፤ እርስዎ ግን የሁለት ነፍስ ጉሮሮ በማን እንደሆነ ባልታወቀ መዳፍ ለኩልን። ላም አለኝ በሰማይ ሆነና ሳልመኑም ኪኑዋውም ቀሩ፤ ያገኘነው መዳፏን ብቻ ነው፤ የልጄ መዳፍ ደግሞ ትንሽ ናት።

ያ ጊዜ በዓለ ሃምሳ እንደነበረም ላስታውስዎ እወዳለሁ። ጌታ ተነሥቶ፣ ጾም ተፈትቶ፣ የንስሐ አባታችን እንኳ ስገዱ ጹሙ በማይሉበት ሃምሳ ቀን ውስጥ እርስዎ ብቻዎን ጾም አወጁ። እንዲህ ያለ ሥልጣን ከየት እንደሚሰጥ ባውቅ እኔም አመለክት ነበር።

4ኛ/ አራተኛው አጭር ነው። ምግቧን በግማሽ ሲቀንሱ ኢንሱሊኗን እንደነበረ ቀጥይ አሏት። ለእኔ ለመዛኙ እንኳ አንዱ ወገን ሲቀልል ሌላው ወገን እንደሚደፋ ይገባኛል። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ስለሚሆንብኝ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

አምስተኛውን ቁጥር ልጽፈው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ፤ ምክንያቱም አምስተኛው ጥፋት የእርስዎ አይደለም። የእኔ ነው።

እኔ ሚዛን የሚያምን ሰው ነኝ። ቄስ ቢዋሽ፣ ዳኛ ቢዋሽ፣ ሚዛን አይዋሽም ብዬ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ስለዚህ ልጄ ወረቀቱን ይዛ ስትመጣ ኪሎ ነው፣ ቁጥር ነው፣ አልቋል አልኩ። በየቅዳሜው ሥራ ስትጨርስ ጎጃም በረንዳ እያስመጣሁ፣ ሽምብራ የምመዝንበት ባስኩላ ላይ በሠራተኞቹ ፊት እያቆምኩ መዘንኳት። ሳይቀንስ ሲቀር የሚቀጥለውን ሳምንት እንጀራዋን እኔው ራሴ ከመዳፏ ልክ ላይ ቆርሼ አሳነስኩት። ባለቤቴ የሻሽወርቅ አንጀቷ አልችል ብሎ ቆሎና ዳቦ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ስትሰጣት አንድ ቀን ደረስኩባቸው፤ ቋጠሮውን ከልጄ እጅ ላይ ወሰድኩ። ልጄን ልትገድይብኝ ነው ወይ ብዬ ባለቤቴ ላይ ጮህኩ። እሷን ብዬ! ኧረ ተዉኝ፣ ይህን ስጽፍ ፊቴን የት እንደማደርገው አላውቅም።

ፋኢዛም ነግራኝ ነበር። ፋኢዛ ጤና አልተማረችም፤ ከወሎ ከመጣች ጀምሮ ጨርቅ ስትለካና ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ለኤልሳቤት በጥቅምት ያሰፋችላትን ቀሚስ እጅጌ ይዛ ከሱቋ ድረስ መጣችልኝ። ጋሼ ኪዳነወልድ፣ ወገቡን ሁለቴ አሰፋሁላት፣ እጅጌውን ግን ሁለቴ አጠበብኩት፤ ሆዷ ይሞላል፣ ክንዷ ግን እያለቀ ነው፤ የሚወፍር ሰው እጅጌው አይሰፋበትም አለችኝ። እኔም ፋኢዛዬ፣ አንቺ ሜትርሽን ያዢ፣ ሚዛኑን ለእኔ ተይልኝ ብዬ ሸኘኋት። እሷ በአንዲት የጨርቅ ሜትር ያየችውን እርስዎ በክፍል ሙሉ መሣሪያ፣ እኔም በሠላሳ አንድ ዓመት ልምድ አላየነውም። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ነገር እኔና እርስዎ ወንድማማቾች ነን፤ በዝምድናችን አልኮራም እንጂ።

ግንቦት 21 ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ልጄ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፋች። ግንባሯ ከመርፌው በጣት ልክ ርቆ ነበር ያረፈው። ላብ አጥምቋታል፤ ቢጠሯት አትሰማም። ፋኢዛ ከጎረቤት ሱቅ ማር አስመጥታ ድዷና ከንፈሯ ላይ ቀባችላት፤ አራት ሸማኔዎች በጋቢ አድርገው አራቱን ፎቅ አወረዷት። እኔ የደረስኩት ታክሲ ላይ ሲጭኗት ነው። እግዚአብሔር ይስጣቸውና ሆስፒታል ስትደርስ በሕይወት ነበረች።

እዚያ የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ስኳሯ ከልክ በታች ወርዶ ስላገኘችው ግሉኮስ ከሰጠቻት በኋላ አራት ነገር አደረገች። ሽንቷን መረመረች፤ የተራበ ሰውነት ራሱን ሲበላ የሚተወውን ምልክት አገኘችበት። ክንዷን በሜትር ለካች። የካርዱን የመጀመሪያ ገጽ ገለጠች። ከዚያም ልጄን ምን እንደበላች ጠየቀቻት። በአንድ ወር ውስጥ ይህን የጠየቃት የመጀመሪያ ሰው ናት። ጽንሱ ከወሩ ልክ ትንሽ ማነሱንም በማሽን አይታ ነገረችን፤ ገና ጊዜ አለን፣ ከዛሬ ጀምሮ በደንብ ከበላች ይደርሳል አለች። በቀን ሦስት ጊዜ ዋና ምግብ፣ በመካከሉ ሦስት ጊዜ መክሰስ አዘዘች፤ እንጀራውን በሽሮ፣ በምስር፣ በጎመን፣ በእንቁላል፣ የቤታችንን ምግብ በሰዓቱ። መርፌውንም ከምግቡ ጋር አስማምታ አስተካከለችላት። አንድም ጊዜ ሳልመን አላለችም።

እዚህ ላይ ነገሩ አልቆ እኔም በሐፍረቴ ብቻ ተቀምጬ ልኖር እችል ነበር፤ እርስዎ ግን አላስቀመጡኝም። ሰኔ 2 ቀን ልጄ የሆስፒታሉን ወረቀት ይዛ እርስዎ ዘንድ ቀረበች። ወረቀቱን አላነበቡትም። ሚዛን ላይ አቆሟት፤ ስድሳ አምስት ሆነ፤ ልጁ በርሃቧም መካከል አድጎ ነበርና። እርስዎም በቀይ እስክሪብቶ፣ በካርዷ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር «ምክር አትቀበልም» ብለው ጻፉ፤ ማኅተምም መቱበት።

ምክር አትቀበልም! እራሷን እስክትስት ድረስ ምክርዎን የተቀበለች ሴት! ከዚህ በላይ የሚታዘዝልዎ ካለ ጠቁሙኝ፤ ሄጄ ልየው። ባለፈው ረቡዕ የመጣሁት ይህን እንዲሰርዙልኝ ነበር፤ ከምሳ በኋላ በጸሐፊዎ በኩል የላኩልኝ መልስ በቀይ የተጻፈ አይሰረዝም የሚል ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። እኔ አፍሬ ተመልሻለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ሳያፍሩ ቀጥለዋል።

ስለ ማኅተሙ ክብር የምጨነቅ መስሎዎት ከሆነ ተሳስተዋል። የመጣሁት በሌላ ነገር ነው። ልጄ አትበላም። ሐኪሟ ብይ ብላታለች፣ እናቷ ታለቅሳለች፣ ፋኢዛ በየቀኑ ገንፎም አጥሚትም ይዛ ትመጣለች፤ እሷ ግን ግማሹን ትበላና እጇን ትሰበስባለች። ካርዱን አውጥታ ቀዩን ጽሕፈት ታየዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የተጻፈ ነገር የምታከብር ልጅ ናት፤ እኔ ነኝ እንዲህ አድርጌ ያሳደግኋት። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው፤ አሁንም ቁራሽ ከማንሳቷ በፊት ቀና ብላ የኔን ዓይን ታያለች፤ ልወስድባት እንደሆነ። እኔ ብይ ልጄ እላለሁ፤ አታምነኝም። እንዴትስ ታምነኝ? ቋጠሮ ከእጇ ላይ የወሰድኩ ሰው ነኝ።

ልትወልድ ሁለት ወር ገደማ ቀርቷታል። ልጁ የቀረውን ኪሎ የሚያገኘው በነዚህ ሁለት ወራት ነው። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በእግርዎ ላይ ወድቄ የምለምነው ይቅርታ እንዲጠይቁ አይደለም፤ ይቅርታ ከአቅም በላይ የሆነ ምግብ ነው፣ እንደ ሳልመኑ መርካቶ ውስጥም ላይገኝ ይችላል። የምለምነው አንድ መስመር ነው። በዚያው ካርድ ላይ፣ በዚያው እስክሪብቶ፣ በዚያው ማኅተም፣ «ኤልሳቤት ኪዳነወልድ ምክር ተቀብላለች፤ የተሳሳተው ምክሩ ነው፤ ትብላ» ብለው ይጻፉ። ረጅም ከሆነብዎት የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ትበቃኛለች። እኔ ብናገር አይሰማም፤ እርስዎ ግን በቀይ ከጻፉት ትበላለች። የልጄን ጉሮሮ በእጅዎ እንደያዙ የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ቢያውቁ ኖሮ ምሳዎን ያን ያህል ሰዓት ባልቆዩበት ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝ ልክ ነዎት፤ ዘግይቼ ነው የጮህኩት። ጅቡ ግን ገና አልሄደም፤ ካርዱ ውስጥ ተቀምጧል።

የጤና ጣቢያውን ስም በአደባባይ ያልጠራሁት እዚያ ደክመው የሚሠሩትን አዋላጆች ስለማከብር ነው። የዚህ ደብዳቤ ረቂቅ በመጋዘናችን በር ላይ ተለጥፏል፤ ማንበብ ለማይችሉ ተሸካሚዎች ጎረቤቶቻቸው እያነበቡላቸው ነው፤ እስካሁን ያልሳቀ የለም፣ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ግን ጆንያቸውን አንስተው ይሄዳሉ።

የእርስዎን ጤንነት፣ የሥልጣንዎን ዕድሜና የቀይ እስክሪብቶዎን ቀለም መብዛት እየተመኘሁ፣ ጆሮዎ እንደ ሆድዎ ቀን በቀን እንዲሞላልዎት እየጸለይኩ፣ ከዘላቂ አክብሮት ጋር በትህትና እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ (ታዛዥነቴ ያስከተለውን ከላይ አይተዋል)
ኪዳነወልድ
የጎጃም በረንዳ መዛኝ

ግልባጭ፦
ለጤና ጣቢያው የአስተያየት መስጫ ሣጥን (ቁልፉ ጠፍቷል ስለተባለ ከላዩ አስቀምጬዋለሁ)
ለወይዘሮ ፋኢዛ፣ ሸማ ተራ፣ ከይቅርታ ጋር
ለባለቤቴ ለየሻሽወርቅ፣ ቤት፣ ከተመላሽ ቋጠሮ ጋር

ማሳሰቢያ፦ ባስኩላዬ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው፤ ለእርስዎ በነፃ። ከነካፖርትዎ፣ ከነባጅዎ፣ ከነማኅተምዎና ከነቀይ እስክሪብቶዎ ይምጡና ይቁሙ። ልጄ ላይ ያደረሱትን እኔ እርስዎ ላይ አላደርግም፤ እንደ ሥራችን ሕግ ካፖርቱን፣ ባጁን፣ ማኅተሙንና እስክሪብቶውን አንድ በአንድ እቀንሳለሁ። የሚተርፈውን ቁጥር ግን ለእርስዎ ክብር ስል ለማንም አልናገርም።